እንቅልፋችሁን የሚለካው ሰዓት ኮዱ የማን ነው?



በቀደም አንዲት እህት ስልኳን ከፍታ አሳየችኝ። «ዶክተር፣ ሰዓቴ ጥልቅ እንቅልፍሽ 12 ደቂቃ ብቻ ነው ይለኛል። ምን ሆኜ ነው?» የሌሊት ፈረቃ ሠርታ ጠዋት ነው የምትተኛው። ሰዓቱን ከመግዛቷ በፊት ደህና ትተኛ ነበር፤ አሁን ቁጥሩን እያሰበች እንቅልፍ እምቢ ብሏታል። ተመራማሪዎች ለዚህ ጭንቀት እ.ኤ.አ. በ2017 «ኦርቶሶምኒያ» የሚል ስም አውጥተውለታል።

ሰዓት አትግዙ እያልኩ አይደለም። የምለው፣ ልጆቻችን ኮዱ ክፍት የሆነ የራሳችንን ይሥሩ ነው።

እስቲ አሠራሩን እንየው። የእጅ ሰዓት እንቅልፍ አያይም፣ እንቅስቃሴ ነው የሚያየው። ውስጡ አክሰለሮሜትር የሚባል ቺፕ አለ (ስልካችሁን ስታዞሩ ስክሪኑ የሚዞረው በሱ ነው)። እጃችሁ ለብዙ ደቂቃ ካልተንቀሳቀሰ ተኝተዋል ብሎ ይገምታል። አንዳንዱ በአረንጓዴ መብራት የልብ ምት ይጨምርበታል። ስለዚህ ዓይናችሁ ፈጦ ጣራ እያያችሁ ዝም ብላችሁ ብትጋደሙም እንቅልፍ ብሎ ሊመዘግበው ይችላል። ጥልቅ እንቅልፍን በትክክል ለመለየት የአንጎል ሞገድ፣ የዓይንና የጡንቻ እንቅስቃሴ አብሮ የሚለካ ምርመራ ያስፈልጋል። የዚያች እህት 12 ደቂቃ እንግዲህ ግምት ነው።

ግምቱ ራሱ ምስጢር አይደለም። ኮል፣ ክሪፕኪና ባልደረቦቻቸው ቀመራቸውን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ፓይንታይም የሚባለው ርካሽ ሰዓት ላይ የሚሠራው ኢንፊኒታይም ሶፍትዌርም ኮዱ ክፍት ነው፤ ማንም አንብቦ መቀየር ይችላል። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ተማሪ ለመመረቂያ ሥራው ይህን ቢይዝ ከባድ አይመስለኝም።

ምን እናተርፋለን? አንዳንድ ሰዓቶች የቀን እንቅልፍን እንደ ሸለብታ ነው የሚቆጥሩት። በኢንዱስትሪ ፓርኩም ሆነ በሆስፒታል ሌሊት የምትሠሩ ታውቁታላችሁ። ኮዱ በእጃችን ከሆነ ይስተካከላል። «ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኛሁ» የሚለውን በኛ አቆጣጠር፣ በአማርኛም በሲዳምኛም ማሳየት ይቻላል። መረጃውም እዚያው ስልካችሁ ላይ ይቀመጣል። ዚዮ የተባለው የአሜሪካ እንቅልፍ መለኪያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲዘጋ፣ ደንበኞቹ የሚጠቀሙበት ድረ ገጽም አብሮት ጠፍቷል።

ለምትሞክሩ ልጆች፦ መከላከያ ሰርኪዩት የሌለው የሊቲየም ባትሪ እጃችሁ ላይ አስራችሁ እንዳትተኙ! ይቃጠላል።

ደግሞ ከባድ የሚያንኮራፋ፣ ተኝቶ ትንፋሹ ቆም የሚል፣ ወይ ባጃጅ እየነዳ የሚያንቀላፋ ሰው ቤታችሁ ካለ የማንንም ሰዓት አትጠብቁ። ሐኪም ጋ ይዛችሁት ሂዱ።

የጀመራችሁ ተማሪዎች ካላችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ተረኛ በማድርበት ሳምንት እኔው አስሬው አያለሁ፣ ጎን ለጎን የተኛሁበትን ሰዓት በደብተር እጽፍላችኋለሁ።