ከሮቦቱ በፊት የነርሷ እግር ይረፍ

እንደ ዶዮገና ባለ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ የሆነች ነርስ ሥራዋ ግማሹ መንገድ ነው። ደም ይቀዳል፤ ናሙናው ላቦራቶሪ ይደርሳል፤ ውጤቱ ተመልሶ ይመጣል። የኦክስጅን ሲሊንደር ይገፋል፣ መድኃኒት ከፋርማሲ ይወጣል፣ ካርድ ክፍል የተቀላቀለ ካርድ ይፈለጋል። በመሀሉ ግሉኮስ ያለቀበት ታካሚ አስታማሚ «ሲስተር!» እያለ ከወዲያ ጥግ ይጣራል። አስታማሚ የሌለው ታካሚ ካለ ደግሞ ውኃ የሚያቀብለውም፣ ደግፎ የሚያስነሳውም ከእሷ ሌላ የለም። ሊነጋ ሲል፣ ከርክክቡ በፊት፣ የእያንዳንዱ ታካሚ ሙቀት፣ የደም ግፊትና የትንፋሽ ልክ በእጅ ቻርት ላይ መስፈር አለበት።

በአገሪቱ የጤና ሥርዓት አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቦ የተደራጀ ነው። ከአቅሙ በላይ ለሆነው ታካሚ ወደ ሆሳዕናው ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ሪፈር ይጻፋል። ያን ጊዜ አንዲት ነርስ ከታካሚው ጋር አምቡላንስ ላይ ትወጣለች፤ ዋርዱ ለቀረችው ባልደረባዋ ይተዋል።

«ሮቦት የነርሶችን ሸክም ያቀላል» የሚለው ዜና እንዲህ ካለ ቦታ ሲሰማ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ሆኖም ሮቦቶቹ በእርግጥ የሚሠሩትን ሥራ ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። የኢንዱስትሪ ሮቦት አባት የሚባለው አሜሪካዊው ጆሴፍ ኤንግልበርገር «ሄልፕሜት» የተባለውን ተሽከርካሪ ሮቦት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1988 በኮኔቲከት ግዛት ዳንበሪ ሆስፒታል ሥራ ሲያስጀምረው፣ የተሰጠው ሥራ ምግብና ዕቃ ማመላለስ ነበር። ዛሬ በአሜሪካ ሆስፒታሎች የምትዘዋወረው «ሞክሲ»ም ናሙናና መድኃኒት ታደርሳለች፣ አሳንሰር ትጠራለች፤ ታካሚ ግን አትነካም። የጃፓኑ ሪከን ተቋም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ታካሚን ከአልጋ አቅፎ የሚያነሳ፣ ድብ የሚመስል «ሮቤር» የተባለ ሮቦት አሳይቶ ብዙ አስደንቆ ነበር። እሱ ከምርምር ቤት አልወጣም። ሆስፒታል ውስጥ ቦታ ያገኙት ለነርሷ የሚላላኩት ናቸው።

ኢትዮጵያም ለዚህ ዓለም ባዕድ አይደለችም። አዲስ አበባ የሚገኘው አይኮግ ላብስ በሶፍትዌር ሥራዋ የተሳተፈባት ሰው መሰሏ ሮቦት ሶፊያ በ2010 ዓ.ም. መዲናዋን ስትጎበኝ ሕዝቡ ጉድ ብሎ ነበር። ሶፊያን የሠራው ሃንሰን ሮቦቲክስ ከሦስት ዓመት በኋላ የነርስ ልብስ የለበሰች «ግሬስ» የተባለች እህት አወጣላት።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የሩዋንዳ ልምድ ነው። በኮቪድ ወቅት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በግንቦት 2020፣ ሩዋንዳ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ አምስት ሮቦቶች ሥራ ላይ አዋለች። ስማቸው በአገሩ ቋንቋ ነው፦ አካዙባ፣ ኢኪዜሬ፣ ምዊዛ፣ ንጋቦና ኡሩሙሪ። ሥራቸው ሙቀት መለካትና ተለይተው ለተኙ ሕሙማን ምግብና መድኃኒት ማድረስ ነበር። ነርሷ ወደ ለይቶ ማቆያ በገባች ቁጥር መከላከያ ልብስ ታጠልቃለች፣ ስትወጣ በጥንቃቄ ታወልቃለች፣ ራሷንም ለአደጋ ታጋልጣለች። አንድ ሰሃን ምግብ ለማድረስ ይህን ሁሉ ማለፍ አይገባትም።

አደጋው ደግሞ የምር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2024 በሩዋንዳ በተከሰተው የማርበርግ ወረርሽኝ 66 ሰዎች ተይዘው 15 ሲሞቱ፣ አብዛኞቹ ታማሚዎች የጤና ባለሙያዎች ነበሩ። በኅዳር 2018 ዓ.ም. በሽታው በእኛም አገር፣ ጂንካ ላይ መከሰቱ ተረጋገጠ። ለእንዲህ ያለ ክፍል ሮቦት ማምጣት ቅንጦት ነው የሚል ካለ፣ የነርሶቹን ሕይወት ከሂሳቡ ያወጣ ነው።

ለተራው ዋርድ ነገሩ ይለያል። የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎቻችን በአብዛኛው በየብሎኩ ተነጣጥለው የተሠሩ ናቸው። በዶዮገና ክረምት ከብሎክ ብሎክ መሻገር ለሰው እንኳ ይከብዳል፤ ለለሰለሰ ወለል የተሠራ ጎማ እንዴት ይወጣዋል? መብራት ይጠፋል። ለመለዋወጫ እጦት ግቢ ጥግ የቆመ የሕክምና መሣሪያ ማየትም ብርቅ አይደለም።

ከዚህም የሚከብድ ሌላ ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2025 ሪፖርቱ የዓለም የነርስ እጥረት 5.8 ሚሊዮን መሆኑን ገልጿል። ጃፓንና ታይዋን ወደ ሮቦት የሚጣደፉት ሠራተኛ ስላጡ ነው። በእኛ አገር ግን ተመርቀው፣ ብቃታቸውን አስመዝነው፣ በጀት የለም ተብለው ቤት የተቀመጡ ነርሶች አሉ። ሥራ ላይ ያሉትም የዱቲ (የተረኝነት) ክፍያ ዘገየብን እያሉ አቤት ይላሉ፤ በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በመላ አገሪቱ የደመወዝ ጥያቄ ይዘው ድምፃቸውን ያሰሙት ሸክሙ ከትከሻቸው በላይ ስለሆነ ነው። የእነሱ ዱቲ ሳይከፈል ለማሽን የሚወጣ ገንዘብ ፍትሐዊ አይሆንም።

የነርሷን እግር የሚያሳርፉ ቀላል ነገሮች ግን ሞልተዋል፦ በየፈረቃው ናሙና የሚያደርስና ታካሚ የሚገፋ ፖርተር፣ ሲሊንደር መግፋትን የሚያስቀር እስከ አልጋው የተዘረጋ የኦክስጅን ቧንቧ፣ ካርድ ፍለጋን የሚያስቀር የኮምፒውተር መዝገብ። ሮቦቱንም ቢሆን ከውጭ ብቻ መጠበቅ የለብንም። ንግሥት እሌኒ ሆስፒታልን የሚያስተዳድረው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ተማሪዎች አሉት። ከርቀት የሚነዳ፣ ምግብና መድኃኒት ይዞ ለይቶ ማቆያ የሚገባ፣ በክሎሪን ሲጠረግ የማይበላሽ ጋሪ የመመረቂያ ሥራቸው ሊሆን ይችላል። ማንም ሆስፒታል ግን ሮቦት ልግዛ ሲል፣ ለቦርዱ በሚቀርበው የዋጋ ዝርዝር ላይ ከሮቦቱ ዋጋ ጎን የአንድ ፖርተር የዓመት ደመወዝ ይጻፍ፤ ነርሶቹም ስብሰባው ላይ ይቀመጡ።