ሱብሂን የሚያስከፍለን ቡና



ፋይናል ሲቃረብ የግቢያችን መልክ ይለወጣል። ላይብረሪው ይሞላል፤ ከበሩ ውጪ ጀበና ቡና የሚሸጡት እናቶች ገበያቸው ይደራል፤ በየዶርሙ መስኮት ላይ የኢነርጂ መጠጥ ቆርቆሮ ይደረደራል።

እኔም ከዚህ የተለየሁ አልነበርኩም። ባለፈው ሴሚስተር በአንድ ከባድ ፈተና ዋዜማ ከመግሪብ በኋላ ሁለት ስኒ ቡና፣ ከዒሻ በኋላ ደግሞ አንድ ኢነርጂ ጠጥቼ ለጥናት ተቀመጥኩ። እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ነቅቼ ነበር፤ መጨረሻ ላይ ግን ገጹን አያለሁ እንጂ አላነብም። ልተኛ ስል ልቤ ይደልቃል፣ እንቅልፍም እምቢ አለኝ። ሸለብ ያደረገኝ ለአዛን ጥቂት ሲቀረው ነው። ሱብሂ አመለጠኝ፤ ፈተናው ላይም አሳምሬ የማውቀው ጥያቄ ጠፋኝ።

ነገሩ ምክንያት አለው። ቀኑን ስንደክም አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጠራቀማል፤ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለንም በእሱ ነው። ካፌይን የአዴኖሲንን ቦታ ቀድሞ ይይዝና ስሜቱ እንዳይደርሰን ያደርጋል። ድካሙ ግን የትም አልሄደም። ከጠጣነው ካፌይን ግማሹ ከሰውነታችን ለመውጣት በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ ከዐስር በኋላ በ10 ሰዓት ከጠጣነው ውስጥ ግማሹ ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ ሩቡ ደግሞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ገና አብሮን አለ። በ2013 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት፣ ከመኝታ 6 ሰዓት በፊት 400 ሚሊ ግራም ካፌይን የወሰዱ ሰዎች ከአንድ ሰዓት በላይ እንቅልፍ እንዳጡ አሳይቷል። ያነበብነው የሚጸናው ደግሞ ስንተኛ ነው።

«የቀደሙት ሰዎችስ በቡና ያድሩ አልነበር?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የየመን ሱፊዎች ለሌሊት ዚክር እንዲያነቃቸው ቡና ይጠጡ ነበር። በ1511 መካ ላይ ቡና ተከልክሎ ነበር፤ ክልከላው ግን አልዘለቀም። እኔም ያንን ክርክር ልቀሰቅስ አይደለም፤ ቡና ወዳጄ ነው። ነገር ግን እነሱ ለዒባዳ ሊነቁበት ጠጡት፤ እኛ ጠጥተነው ሱብሂ እያመለጠን ነው።

የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2015 ለጤነኛ አዋቂ ሰው በቀን እስከ 400 ሚሊ ግራም ካፌይን እንደማያሰጋ ገልጿል። ስለዚህ የብዙዎቻችን ችግር ከመጠኑ ይልቅ ሰዓቱ ነው። ኢነርጂ ላይ ሌላም አለ፤ በተለመደው የ250 ሚሊ ሊትር ቆርቆሮ ውስጥ ከ80 ሚሊ ግራም ገደማ ካፌይን ጋር ወደ 7 የሻይ ማንኪያ የሚጠጋ ስኳር ይኖራል።

ሐሳቤ አጭር ነው። የጀመዓችን የጥናት ቡድኖች ቡናቸውን ከዙሁር በፊት ያድርጉት፤ ከዐስር በኋላ ውኃ ይበቃናል። ሌሊት ጸጥታ የሚፈልግ ሰው ከዒሻ በኋላ ቶሎ ተኝቶ ከሱብሂ በፊት ይነሳ፤ ያኔ ግቢው ከእኩለ ሌሊትም በላይ ጸጥ ያለ ነው። ረመዳን ሲቃረብም ቡናውን ከሻዕባን ጀምረን ቀስ በቀስ እንቀንስ። በመጀመሪያዎቹ የጾም ቀናት ብዙዎቻችንን የሚያስጨንቀው ራስ ምታት አንዱ መነሻ ካፌይን በድንገት መቋረጡ ነውና።

እኔ በዚህ ሴሚስተር ሞክሬዋለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ከበዱኝ፤ ከዚያ በኋላ ግን፣ አልሐምዱሊላህ፣ ያለ ማንቂያ ደወል ለሱብሂ እየተነሳሁ ነው። አቦሉን የምጠጣው ከሶላት በኋላ ነው፤ እንዲያውም የበለጠ ይጣፍጠኛል። እናንተም ለአንድ ሳምንት ሞክሩት።

ወሰላሙ ዓለይኩም