ያረጀ መኪና ለገዙ፦ ጭስ መላሹ ሻስቶም



በሳፒር ኢንዱስትሪ ቀጠና በፈረቃ የሚሠሩ ወገኖቻችን፣ አውቶብስ በማይገኝበት ሰዓት ወደ ቤታቸው ለመመለስ ሲሉ ያረጀ መኪና በርካሽ ይገዛሉ። ሙሳኽ ሲገቡ ግን የማያውቁት ዕቃ ስም ተጠርቶ ብዙ ሸቅል ይጠየቃሉ። ዛሬ ከነዚህ ዕቃዎች አንዱን እናስረዳለን።

ካርቡራተር ያላቸው መኪናዎች አሁን ጥቂት ቀርተዋል። ካርቡራተር ቤንዚንን ከአየር ቀላቅሎ ለሞተሩ ይሰጣል። ድብልቁ ሲቃጠል ሙቀቱ ከ1,400 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ካለፈ፣ በአየሩ ውስጥ ያሉት ናይትሮጅንና ኦክሲጅን ተዋህደው ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ በብዛት ይፈጥራሉ። ስለዚህ በ1970ዎቹ ፋብሪካዎች ከሚወጣው ጭስ ጥቂቱን ወደ ሞተሩ መመለስ ጀመሩ። ጭሱ አንዴ የተቃጠለ ስለሆነ ዳግም አይነድም፤ አመድ የተነሰነሰበት ፍም እንደሚበርድ ሁሉ የእሳቱን ግለት ይቀንሳል።

የጭሱን መንገድ የሚከፍተውና የሚዘጋው «ሻስቶም» ይባላል። ከካርቡራተሩ በቀጭን የጎማ ቱቦ የሚመጣ የመሳብ ኃይል፣ ማለትም ዋኩም፣ ይከፍተዋል፤ ሞላ ይዘጋዋል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ፣ በሚኒሞ ሲሠራ ወይም ቤንዚን መስጫው እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ይዘጋል፤ በመደበኛ ጉዞ ይከፈታል።

ጥላሸት ይዞት ክፍት ከቀረ፣ ሞተሩ በሚኒሞ ይንቀጠቀጣል ወይም ይጠፋል። ተዘግቶ ከቀረ ደግሞ ዳገት ላይ ሞተሩ ይንኳኳል፤ ይህም እየቆየ ፒስተኑን ይጎዳል። ስለዚህ «ቱቦውን ደፍነን እንገላግላችሁ» ቢሏችሁ አትስማሙ።

«ሻስቶሙ ይለወጥ» ስትባሉ እነዚህን ጠይቁ፦

1ኛ. የጎማ ቱቦው ተሰንጥቆ እንደሆነ በፊታችሁ ይታይ። ቱቦ ብቻ መለወጥ ትንሽ ወጪ ነው።

2ኛ. ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ መካኒኩ ሻስቶሙን በዋኩም ፓምፕ ይክፈተው። ሞተሩ ከተንገዳገደ የጭሱ መንገድ ክፍት ነው። ሻስቶሙ ተከፍቶ ሞተሩ ምንም ካልተለወጠ መንገዱ በጥላሸት ተደፍኗል፤ ማጽዳት ሊበቃ ይችላል። ዋኩሙን ካልያዘ ግን በውስጡ ያለው ስስ ጎማ ስለተቀደደ መለወጥ አለበት።

3ኛ. ከሥራው በፊት ዋጋውን በጽሑፍ፣ ከሥራው በኋላ ደረሰኝና የወጣውን አሮጌ ዕቃ ተቀበሉ።

ዕብራይስጡ ካስቸገራችሁ ልጃችሁን ለማስተርጎም ከትምህርት ቤት አታስቀሩ። ይህን ጋዜጣ ይዛችሁ ሂዱና የዕብራይስጡን ገጽ ለመካኒኩ አሳዩት።

መልካም መንገድ ይሁንላችሁ።