ሎደሩን ከማንጠራራት መኪናውን ዝቅ ማድረግ ይሻላል
በትንሽ ትራክተር ሎደር ትላልቅ ገልባጭ መኪናዎችን ስለ መጫን ለኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የቀረበ አስተያየት

እንደሚታወቀው አሲዳማ አፈርን በኖራ ማከም በደጋና በወይና ደጋ ለሚኖሩ ብዙ ገበሬዎች የምርት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የኑሮ ጉዳይ ሆኗል። ከኢትዮጵያ የእርሻ መሬት ውስጥ 43 በመቶ ያህሉ በአሲዳማነት የተጠቃ መሆኑ በተደጋጋሚ ተገልጿል። ስለ ኖራ መጠን፣ ስለ አበታተኑና ከአፈር ጋር ስለ መደባለቁ ብዙ ምክር ተሰጥቷል። ነገር ግን ኖራው ከክምሩ ተነሥቶ መኪና ላይ እንዴት እንደሚወጣ የሚነገረው ጥቂት ነው። ጉዳዩ የጫኝና አውራጅ ሥራ ተደርጎ ስለሚታሰብ ለሾፌሩና ለትራክተር ነጂው ይተዋል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት ግን መጫን ራሱ የኤክስቴንሽን ሥራ አካል ነው የሚል ነው።

ምክንያቱም ኖራ ከዘር በፊት ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ ከአፈር ጋር መደባለቅ ይኖርበታል። በሰኔና በሐምሌ ለሚዘራ የመኸር ሰብል ኖራው በሚያዝያና በግንቦት ማሳው ዘንድ መድረስ አለበት ማለት ነው። በነዚህ ወራት ዝናቡ እየቀረበ፣ የገጠሩ መንገድ እየላቆጠ ይሄዳል። በማኅበሩ ግቢ ግማሽ ቀን ያለ ሥራ የቆመ መኪና የኪራይ ገንዘብ ብቻ አይበላም፤ የአንድ ቀበሌ ገበሬዎችን የዓመት ዕድልም ሊበላ ይችላል።

1. ችግሩ የጉልበት ሳይሆን የቁመት ነው

ከ30 እስከ 50 የፈረስ ጉልበት ያለው ትንሽ ትራክተር ከፊቱ ሎደር ሲገጠምለት ለማኅበር እጅግ ጠቃሚ መሣሪያ ይሆናል። ኮምፖስት ያገላብጣል፣ ኖራ ይከምራል፣ ተጎታች ጋሪ ይጭናል። ለዚህ ሁሉ ጉልበቱ ይበቃል። ችግር የሚፈጠረው ባለ አሥር ጎማ ገልባጭ መኪና፣ ለምሳሌ በየመንገዱ የምናየው ሲኖትራክ፣ በአጠገቡ ሲቆም ነው።

የዚህ ዓይነቱ መኪና የጭነት ሳጥን የላይኛው ጠርዝ፣ ማለትም የስፖንዳው አፍ፣ ከመሬት 3 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ትንሹ ሎደር እጁን እስከ መጨረሻው ሲያነሣ ባኬቱ የታሰረበት ብሎን ከ2.3 እስከ 2.7 ሜትር ይደርሳል። ሆኖም ባኬቱ ለመድፋት ሲያዘነብል ከንፈሩ ወደ ታች ስለሚወርድ ከሥሩ የሚቀረው ነጻ ቁመት ከ1.7 እስከ 2.1 ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ከ0.9 እስከ 1.3 ሜትር የሚደርስ ጉድለት አለ። ይህን ጉድለት የነጂው ችሎታ ሊሞላው አይችልም።

የክብደቱም ነገር ሊዘነጋ አይገባውም። አምራቹ የሚጽፈው የማንሣት አቅም አብዛኛውን ጊዜ በብሎኑ ላይ የተለካ ነው። ጭነቱ ከብሎኑ ወደ ፊት በራቀ መጠን አቅሙ ይቀንሳል፤ የባኬቱም ክብደት ከአቅሙ ላይ ይቀነሳል። ደግሞም ባኬቱ ከፍ ባለ ቁጥር ትራክተሩ ሚዛኑን በቀላሉ ይስታል። ሎደሩን እስከ ጫፍ አንጠራርቶ መሥራት ማለት መሣሪያውን በጣም በደከመበት ቦታ ላይ ማሠራት ነው።

2. በተግባር የሚታዩ የተሳሳቱ መፍትሔዎች

የመጀመሪያው ትራክተሩን በራሱ በኖራው ወይም በአሸዋው ክምር ላይ ማውጣት ነው። ይህ ጸሐፊ በአንድ ማኅበር ግቢ ይህን በዓይኑ አይቷል። ነጂው ጎበዝና ታታሪ ወጣት ነበር። የመኪናው ባለቤት «ቶሎ በሉ» እያለ ሲጮህበት ክምሩን ጠቅጥቆ ወጣበትና ስምንት ያህል ባኬት አፈሰሰ። በዘጠነኛው ላይ የቀኝ የፊት ጎማ ሰጠመ። ባኬቱ ሙሉና ከፍ ያለ ስለነበረ ትራክተሩ ቀስ ብሎ በጎኑ ተኛ። ወጣቱ ክንዱን ተሰበረ፤ ሕይወቱ ግን ተረፈች። መኪናው ሩብ ያህል እንደ ተጫነ ቆመ፤ የቀረው ኖራ ለቀበሌው የደረሰው ገበሬው ዘርቶ ከጨረሰ በኋላ ነበር። በዚያ ቀን ጥፋተኛ የተባለው ነጂው ብቻ ነበር። በኔ አስተያየት ግን ጥፋቱ የመጫኛ ቦታ ሳያዘጋጅ መኪና የጠራው የሥራ አመራር ኮሚቴ፣ እንዲሁም በቦታው እያለሁ ዝም ያልኩት የእኔ ነበር።

ሁለተኛው የሎደሩን እጅ በብየዳ ማስረዘም ነው። እጁ በረዘመ መጠን ጭነቱ ከፊት ጎማዎች ይርቃል፤ የፊት አክስሉና ሃይድሮሊኩ ያልተሠሩበትን ሸክም ይሸከማሉ። ቁመቱ ቢገኝም ሚዛኑ ይጠፋል።

ሦስተኛው ኖራውን በባኬት እስከ ስፖንዳው አጋማሽ አንሥቶ፣ ሰዎች መኪናው ላይ ቆመው በአካፋ እንዲቀበሉ ማድረግ ነው። ከተነሣ ባኬት ሥር ወይም አጠገብ ሰው ማቆም በምንም ምክንያት የሚፈቀድ አይደለም። አንድ የሃይድሮሊክ ቱቦ ቢፈነዳ ባኬቱ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ይወርዳል።

3. ከከብት ነጋዴ የምንማረው

የከብት ነጋዴ በሬውን ወደ አይሱዙ ሲያስገባ በሬውን አንሥቶ አይጭንም። መኪናውን ወደ አንድ ጉብታ አስጠግቶ ወለሉን ከመሬቱ ጋር ያስተካክላል፤ በሬው ራሱ ተራምዶ ይገባል። ይህ የቆየ ብልሃት ለኖራም ይሠራል። ትራክተሩ ከፍ ባለ መድረክ ላይ ቢቆም፣ መኪናው ደግሞ ዝቅ ባለ መንገድ ላይ ቢቆም፣ ትንሹ ሎደር ትልቁን መኪና ያለ ጭንቀት ይጭናል። እርከን መሥራትና ድንጋይ መካብ ለሚያውቅ ገበሬ ይህ አዲስ ሙያ አይደለም።

በቅድሚያ በሜትር መለካት ያስፈልጋል። የመኪናው ስፖንዳ ከመሬት ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ባኬቱ ሲደፋ ከሥሩ ምን ያህል ነጻ ቁመት እንደሚተው፣ እንዲሁም ከፊት ጎማዎች ምን ያህል ወደ ፊት እንደሚደርስ ይለካል። ከስፖንዳው ቁመት ላይ ነጻው ቁመት ተቀንሶ ለጥንቃቄ 30 ሳንቲ ሜትር ይጨመራል። ለምሳሌ ስፖንዳው 3 ሜትር፣ ነጻው ቁመት 1.8 ሜትር ቢሆን በመድረኩና በመኪናው መንገድ መካከል ሊኖር የሚገባው ልዩነት 1.5 ሜትር ነው።

ይህን ሁሉ ወደ ላይ መገንባት አያስፈልግም። ተዳፋት መሬት ካለ ተፈጥሮ ግማሹን ሥራ ሠርታዋለች። ሜዳ ከሆነ ደግሞ የመኪናው መንገድ 75 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ተቆፍሮ፣ የወጣው አፈር መድረኩን 75 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያደርጋል። መንገዱ 3.5 ሜትር ስፋትና 10 ሜትር ርዝመት ኖሮት መኪናው በአንድ ጫፍ ገብቶ በሌላው እንዲወጣ ሁለቱም ጫፎች በ6 ሜትር ተዳፋት ቢሠሩ የሚወጣው አፈር 40 ሜትር ኩብ ያህል ነው። 4 ሜትር ስፋት፣ 5 ሜትር ደልዳላ መቆሚያና 6 ሜትር መወጣጫ ያለው መድረክ የሚፈልገው 25 ሜትር ኩብ ያህል ነው። የሚተርፈው አፈር ለጥገናና ለጎርፍ መከላከያ ይሆናል። አንድ ሰው በቀን 1 ሜትር ኩብ ቢቆፍር ሃያ አባላት በሁለት ቀን ቁፋሮውን ይጨርሱታል ማለት ነው።

በአሠራሩ ላይ የሚከተሉት መጠበቅ ይኖርባቸዋል።

ሀ/ የመወጣጫው ዳገት በየ8 ሜትሩ ከ1 ሜትር በላይ ከፍ ማለት የለበትም። አፈሩ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ እየተነጠፈ፣ ውሃ እየተረጨ መጠቅጠቅ አለበት።

ለ/ ወደ መኪናው የሚያየው የመድረኩ ፊት በድንጋይ ካብ ይያዝ፤ ካቡም ወደ መድረኩ ጥቂት ያዘንብል። በጫፉ ላይ የፊት ጎማዎችን የሚያቆም ወፍራም ግንድ በደንብ ተተክሎ ይታሰር።

ሐ/ የተቆፈረው መንገድ ውሃ እንዳይቋጥር መውረጃ ቦይ ይበጅለት። በጥቁር ኮትቻ መሬት ላይ ከመቆፈር ይልቅ ወደ ላይ መደልደልና ጠጠር ማንጠፍ ይመረጣል።

መ/ ቦታው ከኤሌክትሪክ መስመር ሥር መሆን የለበትም።

4. ስለ ጭነቱ ሚዛን

መድረኩ ቢሠራም ሁለት ነገሮች በነጂውና በልማት ሠራተኛው መታወቅ አለባቸው።

የመጀመሪያው የትራክተሩ የኋላ ክብደት ነው። ሎደሩ ሲጫን የኋላ ጎማዎች ይቀላሉ፤ የብዙ ትናንሽ ትራክተሮች ፍሬን ደግሞ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው። ስለሆነም ማረሻ በሚታሰርበት የኋላ ማንሻ ላይ የኮንክሪት ክብደት ወይም በድንጋይ የተሞላ በርሜል በጥብቅ መታሰር አለበት። ባኬቱ በጉዞ ጊዜ ከመሬት ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ አይነሣ፤ የሚነሣው መኪናው አጠገብ ሲደረስ ብቻ ነው። በመወጣጫው ላይ ጭነት ይዞ ፊት ለፊት ይወጣል፤ ባዶውን በኋላ ማርሽ ይወርዳል።

ሁለተኛው የመኪናው ጭነት ነው። መኪና የሚሞላው በዓይን ሳይሆን በኩንታል መሆን አለበት። 16 ሜትር ኩብ የሚይዝ ሳጥን በደረቅ ኖራ ሲሞላ 200 ኩንታል ያህል፣ በኮምፖስት ሲሞላ 100 ኩንታል ያህል፣ በእርጥብ አሸዋ ሲሞላ ግን ወደ 300 ኩንታል ይመዝናል። ሳጥኑ አንድ ነው፤ ጭነቱ ግን ሦስት ዓይነት ነው። በሊብሬው ላይ የተመዘገበው የመጫን አቅም ከታየ በኋላ ስንት ባኬት እንደሚጫን አስቀድሞ መወሰንና በሰሌዳ ላይ ጭረት እያሰመሩ መቁጠር ጥሩ ልማድ ነው። አንድ ባኬት 4 ኩንታል ኖራ ቢያነሣ 200 ኩንታል በ50 ባኬት ይሞላል። እያንዳንዱ ምልልስ ሁለት ደቂቃ ቢወስድ መኪናው ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይወጣል።

ትንሹ ሎደር ወደ ሳጥኑ መካከል አጥብቆ ስለማይደርስ ጭነቱ ወደ አንድ ጎን ሊያደላ ይችላል። በጎን ያደላ ጭነት መኪናው ሲገለብጥ ሊጥለው ይችላል። ስለዚህ ግማሹ ሲጫን መኪናው ዞሮ ሌላውን ጎኑን ለመድረኩ ይስጥ። በሚጫንበት ጊዜ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ታኮ ተደርጎ፣ ሾፌሩ ነጂው በሚያየው ቦታ ርቆ ይቁም። በመጨረሻም ኖራው በነፋስና በዝናብ እንዳይጎዳ በሸራ ይሸፈን፤ ሠራተኞችም አፍና አፍንጫቸውን ከአቧራው ይከልሉ።

5. ሊነሡ ስለሚችሉ ተቃውሞዎች

አንዳንዶች «ትልቅ ሎደር መከራየት አይቀልም ወይ?» ይላሉ። በቀን ብዙ መኪና የሚጫንበት ቦታ ከሆነ፣ ለምሳሌ ኖራው በሚፈጭበት ሥፍራ፣ እውነት ነው፤ ትንሹ ትራክተር ለዚያ አልተፈጠረም። ነገር ግን በቀን ሦስትና አራት መኪና ብቻ ለሚልክ ማኅበር ትልቁ ሎደር ለመምጣት የሚወስደው ጊዜና ወጪ ከሥራው ሊበልጥ ይችላል። የመንገድ ሥራ በሚበዛበት በበጋው ማብቂያ ላይ ደግሞ እሱን ማግኘት ቀላል አይደለም። የራስ የሆነ ትንሽ መሣሪያ በተዘጋጀ ቦታ ላይ ከሩቅ ከሚጠበቅ ትልቅ መሣሪያ ይበልጣል።

ሌሎች ደግሞ «መኪናው ያነሰ ቢሆንስ?» ይላሉ። ስፖንዳው ዝቅ ያለ አነስተኛ መኪና ከተገኘና መንገዱ አጭር ከሆነ ይህም መልካም ምርጫ ነው። መንገዱ ሲረዝም ግን የምልልሱ ብዛት ወጪውን ስለሚያንረው ትልቁ መኪና ተመራጭ ይሆናል።

ባጠቃላይ፣ ማኅበራት ትራክተር ለመግዛት ብዙ ስብሰባ ያደርጋሉ፤ ትራክተሩ የሚቆምበትን ሥፍራ ለማዘጋጀት ግን አንድም ስብሰባ አያደርጉም። የልማት ሠራተኛው የዓመቱን ዕቅድ ሲያወጣ ከኖራው መጠን ጎን «የመጫኛ ቦታ» የሚል አንድ መስመር ይጨምር። ሥራውም በጥርና በየካቲት፣ መሬቱ ደረቅ ሳለና አጨዳና ውቂያው ሲያበቃ፣ ይከናወን። ሚያዝያ ላይ መኪናው ግቢ ሲገባ ነጂው ክምር ላይ መውጣት ሳያስፈልገው መድረኩ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። ያን ጊዜ ኖራውም በሰዓቱ ይደርሳል፤ ልጁም በሰላም ወደ ቤቱ ይመለሳል።