ሐኪምና የምግብ ምክር

ሰው ጤናውን የሚጠብቀውም የሚያጣውም በአብዛኛው በማዕዱ መሆኑ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። በእንግሊዝ ባሕር ኃይል ያገለግል የነበረው ሐኪም ጄምስ ሊንድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1747 ድድ የሚያደማውን የመርከበኞች በሽታ በብርቱካንና በሎሚ ማዳን እንደሚቻል አሳየ። ሆኖም የሎሚ ጭማቂ ለባሕር ኃይሉ ሁሉ እንዲታደል የታዘዘው በ1795 ነበር። ዕውቀቱ ከሐኪሙ እጅ እስከ ገበታው ለመድረስ 48 ዓመት ፈጀበት።

ዛሬም መንገዱ አላጠረም። በአሜሪካ የሳይንስ አካዳሚ በ1985 እያንዳንዱ የሕክምና ተማሪ ቢያንስ 25 ሰዓት የምግብ ትምህርት እንዲያገኝ አሳስቦ ሳለ፥ በ2010 የታተመው ጥናት አማካዩ 19.6 ሰዓት ብቻ መሆኑን ገለጸ። በ2008 በታተመ ሌላ ጥናት ከተጠየቁት ጀማሪ ሐኪሞች ከመቶ 94ቱ በሽተኛን ስለ ምግብ ማነጋገር ግዴታቸው መሆኑን አመኑ፤ ሐኪሞች ለዚህ በቂ ሥልጠና አላቸው ያሉት ግን ከመቶ 14ቱ ብቻ ነበሩ። ፈቃዱ ሳለ ዝግጅቱ ጎደለ ማለት ነው።

የዚህ ጉድለት ዕዳ የሚወድቀው በበሽተኛው ላይ ነው። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው «ምግብህን አስተካክል» ተብሎ ቢሰናበት ምን ያህል እንጀራ እንደሚበላና በጾም ጊዜ እንዴት እንደሚሆን አያውቅም። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው መጠኑን ሳያስተካክል ቢጾም ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት፥ ሕይወቱንም ሊያጣ ይችላል። ስለ ጾሙ ለመጠየቅ የሚያፍር ሐኪም በሽተኛውን በሃይማኖቱና በመድኃኒቱ መካከል ብቻውን ይተወዋል። እንዲሁም የደም ብዛት ያለበት ሰው የቀን ጨው ከ5 ግራም፥ ማለት ከአንድ የሻይ ማንኪያ፥ በታች መሆን እንዳለበት፤ ደም ያነሳት ነፍሰ ጡርም ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይ ብረት የተባለውን ንጥረ ነገር ከሰውነት እንደሚከለክል ሊነገራቸው ይገባል።

ሰልፉ ረጅም፥ ጊዜውም አጭር ነው የሚል ምክንያት ይቀርብ ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን ትናንት ምን እንደተበላ፥ ወጡን ማን እንደሚሠራና የቤቱ ገንዘብ ምን እንደሚችል መጠየቅ ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም። ሳይመከር የተሰናበተው በሽተኛ ታሞ ሲመለስ የሚወስደው ጊዜ ከዚህ እጅግ ይበልጣል።

ስለዚህ አስተዳዳሪዎች የምግብ ትምህርት ከፈተና ጋር በሕክምና ትምህርት ቤቶች እንዲሰጥ፥ በየሆስፒታሉም የአመጋገብ ባለሙያ እንዲመደብ ማድረግ ይገባቸዋል። ነጋዴውም ከዚህ ነገር ውጭ አይደለም። በ1998 ጦርነት የአሰብ ጨው ወደ ኢትዮጵያ መግባቱ በቆመ ጊዜ አዮዲን የሌለው ጨው ገበያውን ሞላው፤ አዮዲን እንዲጨመር የሚያስገድድ ደንብ የወጣውም በ2011 ነው። በሱቅ የማይገኘውን ነገር ሐኪም ቢመክር ፍሬ የለውም። ሐኪሙ በሚገባ ተምሮ ሲመክር፥ ነጋዴው በቅን ሲያቀርብ፥ አስተዳዳሪውም ሲቆጣጠር ምክሩ ከገበታ ይደርሳል።