ከሥራ መልስ ባንጆ

ባንጆ እየተማርኩ ነው ስል ሐበሻ ጓደኞቼ መጀመሪያ ይስቃሉ። ከዚያ ሁለት ጥያቄ ይመጣል። አንዱ «የገጠር ነጮች ሙዚቃ ለአንተ ምንህ ነው?» የሚል ነው። ሌላው ደግሞ «ምነው፣ ዘፋኝ ልትሆን ነው እንዴ?» ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ሁለተኛው ነው።

የመጀመሪያውን ቶሎ ልጨርሰው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ባንጆ የነጭ መሣሪያ ሆኖ አልተወለደም። በባርነት የተጋዙ አፍሪካውያን በካሪቢያንና በሰሜን አሜሪካ ከቅልና ከቆዳ እየሠሩ ይጫወቱት ነበር። ቶማስ ጀፈርሰን እንኳ በ1780ዎቹ ስለ ቨርጂኒያ ባሳተመው መጽሐፍ ጥቁሮቹ ከአፍሪካ ይዘውት እንደመጡ ጽፏል። ነጮች በስፋት ያነሡት በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ ፊታቸውን ጥቁር ቀለም እየተቀቡ በጥቁር ሕዝብ ላይ በሚያላግጡበት መድረክ ነው። ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን በኋላ ከባንጆ የራቁበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ውርደት ነው። ዳንኤል ጃታ የተባለ ጋምቢያዊ፣ እንደ ብዙዎቻችን ለትምህርት አሜሪካ መጥቶ፣ ባንጆ ሲሰማ የአባቱን አኮንቲንግ አስታወሰው። አኮንቲንግ የጆላ ሕዝብ ባለ ሦስት ክር መሣሪያ ነው፤ አንዷ ክር አጭር ናት፣ የአውራ ጣት ድርሻ ናት። ሌሎቹን የጣት ጥፍር ወደ ታች እየመታ ያስጮኻቸዋል።

እኔ የምማረው ክሎሀመር የሚባለው ስልት አመታቱ ከዚሁ ጋር በጣም ይቀራረባል። አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ፈጣኑን የብሉግራስ ባንጆ ነው፤ ኧርል ስክራግስ ከ1945 ጀምሮ በቢል ሞንሮ ባንድ ውስጥ ያስፋፋው፣ በሦስት ጣት የሚለቀመው። ክሎሀመር ከዚያ የቆየ ነው። እጅህን ግማሽ ትጨብጣለህ፣ በጥፍርህ ክሩን ወደ ታች ትመታለህ፣ አውራ ጣትህ አጭሯን አምስተኛ ክር ይነካል። ቡም፣ ዲ፣ ቲ። ለብዙ ሳምንት ሌላ ነገር የለም። ቀኑን ሙሉ ኮድ ስጽፍ የምውል ሰው ነኝና አቋራጭ መፈለግ አመሌ ነው፤ እጅ ግን በራሱ ጊዜ እንጂ በእኔ ፕላን አይማርም።

ሐበሻን የማያስቸግረው ነገር ቅኝት ነው። ክራር ከትዝታ ወደ ባቲ ሲሄድ ክሩ እንደሚጠብቅና እንደሚላላ ሁሉ፣ ባንጆም ዜማው ሲለወጥ እንደገና ይቃኛል። ለዚህ ነው የባንጆና የፊድል ተጫዋቾች ክብ ሠርተው ሲቀመጡ አንድ ቅኝት ከያዙ ብዙ ሰዓት ከዚያ የማይወጡት። ማንም ደጋግሞ መቃኘት አይፈልግም።

ዋናው ነገር ያ ክብ ነው። አንድ ዜማ ሁለት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ ሁለቴ ይደገማል፣ በግማሽ ደቂቃ ገደማ ያልቃል። ከዚያ እንደገና። ከዚያ እንደገና። አሥር ጊዜ፣ አሥራ አምስት ጊዜ። ተራ ወስዶ ችሎታውን የሚያሳይ የለም፣ የሚያጨበጭብም የለም። ጀማሪ ከኋላ ተቀምጦ መጀመሪያ ማሳረጊያውን ይይዛል፣ ቀጥሎ መሀሉን፣ እየቆየ ሌላውን። ታብላቸር የሚባል በወረቀት የተጻፈ መመሪያ አለ፤ ለእጅ ይጠቅማል፣ ጆሮን ግን ያሰንፋል ባይ ነኝ። «ሳሊ አን» የሚባለውን ዜማ የአንድ ወንዝ ማዶና ማዶ ሰዎች እንኳ አንድ ዓይነት አይጫወቱትም። ወረቀቱ ፕሮግራሙ አንድ ቀን ያወጣው ውጤት ነው፤ ኮዱ ያለው ሰዎቹ ጋ ነው።

አሁን ወደ «ዘፋኝ ልትሆን ነው እንዴ» ልምጣ። በጥያቄው ውስጥ ሙዚቃ የአዝማሪ ሥራ ነው፣ የተማረ ሰው ያዳምጣል፣ ይሸልማል እንጂ አይነካም የሚል የቆየ ንቀት አለ። ቶሚ ጃሬል፣ ዛሬ የዓለም ክሎሀመር ተማሪ ሁሉ ቅጂውን የሚያዳምጠው ሰው፣ ለሰሜን ካሮላይና የመንገድ መሥሪያ ቤት ወደ 40 ዓመት ገደማ ግሬደር ሲነዳ የኖረ ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላ ከየአገሩ የሚመጡ ወጣቶች ቤቱ እያደሩ ተማሩለት፤ በ1982 የአገሪቱን የባህል ቅርስ ሽልማት አገኘ። ጥቁሩ ፊድለኛ ጆ ቶምሰን የቤት ዕቃ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ከ80 ዓመቱ በኋላ ሦስት ጥቁር ወጣቶች ቤቱ እየተመላለሱ ዜማዎቹን ተቀበሉት፤ ካሮላይና ቾኮሌት ድሮፕስ ሆነው በ2011 ግራሚ ወሰዱ። ያ ሙዚቃ የተረፈው ሥራ ውለው በሚመጡ ሰዎች ሳሎንና ኩሽና ውስጥ ነው።

እኛስ? ለእንቁጣጣሽ አዳራሽ እንከራያለን፣ ከአዲስ አበባ ዘፋኝ እናስመጣለን፣ ስፒከሩ ከአጠገባችን ካለው ሰው ጋር አያነጋግረንም፣ ጨፍረን እንሄዳለን። ልጆቻችንን ፒያኖ እናስመዘግባለን፤ ፈተና ስላለው። ክራሩ ግን ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ክሩ ላልቷል። በመድረኩና በግድግዳው መካከል ምንም የለንም። በሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች መዝሙርና ከበሮ ይማራሉ የሚለኝ ሰው ልክ ነው፤ እዚያ ማንም ልጁን «ተሰጥኦ አለህ ወይ» ብሎ አይጠይቀውም፣ ከትልልቆቹ ጋር ቆሞ በጆሮው ይይዛል። ባቲና አምባሰል ግን እንዲህ ያለ ቤት የላቸውም። አዝማሪው እንጀራውን ያጣል የሚል ስጋትም ሰምቻለሁ። እንደሚመስለኝ ክራር ሞክሮ ጣቱ የተላጠ ሰው ለጥሩ ተጫዋች የበለጠ ይከፍላል።

የሚያስፈልገው ማኅበር አይደለም። እኛ ሰብሰብ ካልን መጀመሪያ ሊቀመንበር ነው የምንመርጠው፣ ቀጥሎ እንጣላለን። አራት ሰው፣ አንድ ክራር፣ ከተገኘ ማሲንቆ፣ ከበሮ፣ ቡና፣ አንድ ዜማ ለሁለት ሰዓት። ልጆቹ መሬት ላይ ይቀመጡ፣ ሲሰለቻቸው ይሂዱ፣ ሲፈልጉ ይመለሱ።

ክራሩን ከግድግዳ የሚያወርድ ካለ እኔ ባንጆዬን ይዤ እመጣለሁ። በሶል ሲቃኝ ክሮቹ በሙሉ በትዝታ ሜጀር ውስጥ ያሉ ድምፆች ናቸው፤ ስለዚህ ሳልነካካው መጀመር እንችላለን።