የሚያስል ፍየል ወደ ገበያ አይውጣ

በጋምቤላ ክልል ለሚሠሩ የልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የቀረበ አስተያየት

ፍየል ለአነስተኛ ቤተ ሰብ የገንዘብ ሣጥን ነው። ልጅ ሲታመም፣ የትምህርት ወጪ ሲደርስ፣ እንግዳ ሲመጣ ወይም እህል ሲያልቅ መጀመሪያ የሚነካው ፍየሉ ነው። በኑዌርም ሆነ በአኙዋ መንደር ላም ለመግዛት አቅም ያልደረሰው ሰው ሁለትና ሦስት ፍየል ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ፍየልን የሚይዝ የሳንባ በሽታ ቤቱንም አብሮ የሚነካ ጉዳይ ነው።

እንደሚታወቀው ፍየል ማሳል ሲጀምር ባለቤቱ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ነገሮች አንዱን ያደርጋል። ወይም የተገኘውን መድኃኒት ገዝቶ ይወጋዋል፤ ወይም ሳይሞትብኝ ብሎ ወደ ገበያ ይነዳዋል። የመጀመሪያው አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ ያባክናል፤ ሁለተኛው ደግሞ የጎረቤትን መንጋ ይፈጃል። እኛ የምናቀርበው አስተያየት አጭር ነው። የሚያስል ፍየል በዚያው ቀን ይለይ፤ በቤት ይታከም፤ ወደ ገበያ አይውጣ። በቤት በመቆየቱ የሚደርሰውን ኪሣራ ግን ባለቤቱ ብቻውን አይሸከም፤ ማኅበሩ ይጋራው።

ሳል ሁሉ አንድ አይደለም

የልማት ሠራተኛው መርፌ ከማሰቡ በፊት አራት ነገሮችን ይለይ።

አንደኛ፣ ፍየሉ ትኩሳት ሳይኖረው የሚያስል፣ እየከሳም የሚሄድ ከሆነ የሳንባ ትል ሊሆን ይችላል። ይህ ዓይነቱ በእርጥብ ግጦሽ የሚውል መንጋን ያጠቃል።

ሁለተኛ፣ ከረጅም ጉዞ፣ ከዝናብ ወይም ከመጨናነቅ በኋላ አንድ ሁለት ፍየሎች ትኩሳት ይዟቸው ከአፍንጫቸው ዝልግልግ ፈሳሽ ከወጣ ፓስቱሬሎሲስ የሚባለው የሳንባ ምች ይጠረጠራል። የዚህ በሽታ ጀርም በጤናማ እንስሳ አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ይኖራል፤ የሚነሣው እንስሳው ሲደክም ነው።

ሦስተኛ፣ ብዙ ፍየሎች በአንድ ጊዜ ከታመሙ፣ አብረዋቸው ያሉት በጎች ግን ደኅና ከሆኑ ተላላፊው የፍየል ሳንባ በሽታ ነው ብሎ መጠርጠር ያስፈልጋል። የታመመው ፍየል የፊት እግሮቹን ከፈት አድርጎ፣ አንገቱን ዘርግቶ ይቆማል፤ ሲተነፍስ ያቃስታል። በሽታው ከዚህ ቀደም ባልነካው መንጋ ውስጥ ሲገባ ከታመሙት ከግማሽ በላይ ሊገድል ይችላል።

አራተኛ፣ ፍየሎችም በጎችም ታመው ዓይናቸውና አፍንጫቸው ፈሳሽ ካወጣ፣ አፋቸው ከቆሰለና ተቅማጥ ከያዛቸው የበግና ፍየል ደስታ መሰል በሽታ ይጠረጠራል። ይህ በቫይረስ የሚመጣ ነው። በዚያው ቀን ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ማስታወቅ ግዴታ ነው።

ሙቀት የሚለካው በማለዳ ነው። የጤናማ ፍየል የሰውነት ሙቀት ከ38.5 እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። በጋምቤላ የበጋ ቀትር ግን ጤነኛውም ፍየል ይግላል፤ ያለከልካል። ስለዚህ በቀትር የተለካ ሙቀትና የተቆጠረ ትንፋሽ ያሳስታል። በማለዳ በጥላ ሥር ተለክቶ ከ40.5 ዲግሪ በላይ ከሆነ ፍየሉ በእርግጥ ትኩሳት አለበት ማለት ነው።

አያያዙ ከመርፌው ይቀድማል

የታመመው ፍየል ከመንጋው ይለይ። የሚያርፍበት ስፍራ ጣሪያው ጥላ የሚሰጥ፣ ጎኑ ለነፋስ ክፍት የሆነ፣ ወለሉ ደረቅ መሆን አለበት። በክረምት የባሮ ወንዝ ሞልቶ በኢታንግ፣ በላሬና በጂካዎ ዝቅተኛው መሬት ውኃ ሲተኛበት እንስሳት በጥቂት ከፍታ ቦታ ይታጨቃሉ። ሳል በፍጥነት የሚዛመተው በዚህ ጊዜ ነው። እንዲህ ባለው ስፍራ ከእንጨት የተረበረበ፣ ከመሬት ከፍ ያለ ወለል ይጠቅማል። ፍየል ብቻውን ሲሆን ይጨነቃል፤ መብላትም ይተዋል። ስለዚህ ጓደኞቹን ከሩቅ እንዲያይ፣ ነገር ግን አፍንጫ ለአፍንጫ እንዳይገናኝ ተደርጎ ይታሰር።

ጢስን በሚመለከት አንድ ማሳሰቢያ አለን። ለትንኝና ለዝንብ መከላከያ ኩበት ማጤስ በአካባቢያችን የቆየና ጥቅም ያለው ልማድ ነው፤ እንዲቀር አንጠይቅም። ነገር ግን የታመመ ሳንባ ጢስ አይችልም። እሳቱ ከጋጡ ውጪ ጥቂት ርምጃ ተርቆ ይነደድ። የእርጥብ ፋንድያና የሽንት ሽታም እንደ ጢስ ሳንባን ስለሚጎዳ ጋጡ በየቀኑ ይጠረግ።

ንጹሕ ውኃ ከአፉ አጠገብ ይቀመጥ። የግራር ቅጠል ወይም የስኳር ድንች ሐረግ ታስሮ በራሱ ቁመት ልክ ይንጠልጠልለት። ይበረታልኛል ተብሎ ብዙ የበቆሎ ወይም የማሽላ እህል በአንድ ጊዜ አይሰጠው፤ ሆዱን ያበላሻል፤ ሊገድለውም ይችላል። የደረቀ የአፍንጫ ፈሳሽ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፤ ጨርቁ ይቃጠል፤ እጅም ይታጠብ። የታመሙትን የሚንከባከብ ሰው አስቀድሞ ጤነኞቹን አብልቶና አጠጥቶ በመጨረሻ ወደ ታመሙት ይሂድ።

ከሁሉም በላይ ለሚያስል ፍየል በአፍንጫው ምንም ነገር አይፈሰስበት። በብዙ ቦታ የባህል መድኃኒት በአፍንጫ ይሰጣል። የተጨመረው ፈሳሽ ቀጥታ ወደ ሳንባው ይገባና በበሽታው ላይ ሌላ በሽታ ይጨምራል። በአፍ የሚሰጥም ቢሆን ራሱን ወደ ላይ ሳያቃኑ፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ እየዋጠ መሆኑን እያዩ ነው። መዋጥ ያቃተው ፍየል በግድ አይጋት።

ስለ መድኃኒት

ፔኒሲሊን ለተላላፊው የፍየል ሳንባ በሽታ አይሠራም። ፔኒሲሊን ጀርሞችን የሚገድለው ግድግዳቸውን በማፍረስ ሲሆን የዚህ በሽታ ጀርም ግድግዳ የለውም። ኦክሲቴትራሳይክሊን ግን በጊዜ ከተጀመረ ይረዳል። የእንስሳት ሐኪም ሲያዝ 20 በመቶ የሆነው ረጅም ጊዜ የሚቆየው ዓይነት ለ10 ኪሎ ክብደት 1 ሚሊ ሊትር ይሰጣል፤ 25 ኪሎ ለሚመዝን ፍየል 2.5 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። 10 በመቶ የሆነው ዓይነት በተመሳሳይ መጠን በየቀኑ ከ3 እስከ 5 ቀን ይወጋል። ፍየሉ በሁለተኛው ቀን ተሽሎት ቢታይም ሕክምናው አይቋረጥ፤ በጅምር የቀረ መድኃኒት ጀርሙን ያለማምደዋል። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው የመቆያ ጊዜ ሳያልፍ ሥጋውም ወተቱም ለምግብ አይዋል።

ደስታ መሰል በሽታን ኦክሲቴትራሳይክሊን አያድነውም፤ ቢበዛ በላዩ የሚጨመረውን የሳንባ ምች ይቀንሳል። የዚህ በሽታ መፍትሔ ክትባት ነው። በቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ኢንስቲትዩት ለዚህም ሆነ ለፍየል ሳንባ በሽታ ክትባት ያመርታል። ክትባት የሚሰጠው ለጤነኛ ነው፤ የታመመን አያድንም። በጋምቤላ ሙቀት የክትባት ሣጥን በፀሐይ ላይ ከተቀመጠ የሚወጋው ውኃ ነው ማለት ይቻላል። የፍየል ሳንባ በሽታ ክትባት ደግሞ ቀዝቅዞ ይያዝ እንጂ በረዶ አይሁን።

ገበያ የበሽታ መንገድ ነው

አያቶቻችን ክፉ ቀን ብለው የሚጠሩት ረኃብ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. አገሩን ሲያጠፋ ከምክንያቶቹ ዋናው የከብት ደስታ በሽታ ነበር። በሽታው የገባው ጣልያኖች በምጽዋ በኩል ካመጧቸው ከብቶች ጋር ነው። ያ በሽታ ዛሬ የለም፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል። ለመጥፋቱም ክትባቱ ብቻ አልበቃም። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በአፋር ከራሱ ከአርብቶ አደሩ የተመረጡ የእንስሳት ጤና ሠራተኞች ሙቀት የሚችለውን ክትባት ይዘው ሐኪም ያልደረሰበት ድረስ ሄደዋል። ደስታ መሰል በሽታንም እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ከዓለም ለማጥፋት ታቅዷል። ታሪኩ የሚያስተምረን በሽታ በእንስሳ እግርና በመኪና እንደሚጓዝ፣ የሚቆመውም በመንደር ሰው እጅ እንደሆነ ነው።

በእኛም ክልል ሁኔታው ይኸው ነው። ጎሬ 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን ጋምቤላ ከተማ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከደጋው በመኪና ታጭቆ፣ ተጠምቶ የሚወርድ ፍየል በአንድ ቀን ወደ ሌላ አየር ይገባል። በገበያው ከየመንደሩ ከመጡት ጋር ይተነፍሳል፤ ማታ ደግሞ አዲሱ ባለቤት ከራሱ መንጋ ጋር ያሳድረዋል። በአንድ ሳል የተጀመረው በወር ውስጥ የቀበሌ ጉዳይ ይሆናል።

ማኅበሩ ምን ያድርግ

የታመመ ፍየሉን የሚሸጠው ሰው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ቢያስቀረው ሞቶ ባዶ እጁን ይቀራል፤ ቢሸጠው ግማሹን ዋጋ ያገኛል። ለእርሱ ሒሳቡ ትክክል ነው። ምክር ብቻ ይህን ሒሳብ አይለውጠውም፤ ስለዚህ ሒሳቡን ራሱን መለወጥ ያስፈልጋል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ እኛ ግን የማይደብቀው ሰው የሚጎዳበት አሠራር ይዘን አትደብቅ እያልን ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ ማኅበር የሚከተሉትን እንዲያደርግ እንጠይቃለን።

1. አባላት በፍየላቸው ቁጥር ልክ በዓመት ጥቂት ገንዘብ ያዋጡ። ፍየሉ ባሳለ በመጀመሪያው ቀን ያስታወቀ፣ ለይቶም ያቆየ አባል ፍየሉ ቢሞትበት ከዚህ ገንዘብ የዋጋውን ከፊል ይካስ። የደበቀ ወይም ወደ ገበያ የነዳ አይካስ።

2. ማጭበርበር ይኖራል የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ተገቢ ነው። ለዚህም ሲባል ፍየሎች በዓመት ሁለት ጊዜ ይቆጠሩ፤ ሞቱን የልማት ሠራተኛውና ሁለት አባላት አይተው ይመስክሩ። ካሣው ከሙሉ ዋጋው ያነሰ በመሆኑም ሆነ ብሎ የሚገድል አይኖርም።

3. ማኅበሩ ለአባላት ለማከፋፈል የሚገዛቸው ፍየሎች ቢያንስ 21 ቀን፣ ቢቻል 30 ቀን ተለይተው ይቆዩ። ከየገበያው ተለቅመው በዚያው ቀን የሚታደሉ ፍየሎች ለድኻው የሚሰጡት ስጦታ በሽታ ሊሆን ይችላል።

4. የሞተው በጥልቅ ይቀበር። በድንገት የሞተና ከአፍ፣ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው ደም የወጣው እንስሳ አባ ሰንጋ ስለሚጠረጠር ፈጽሞ አይከፈት፣ አይበላም።

የልማት ሠራተኛው ቴርሞሜትሩን ይዞ በማለዳ ይምጣ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር መዝገቡን ይክፈት። ባለ ሁለት ፍየሏ እናት አንዱ ፍየሏ ሲያስል ገመዱን ይዛ ወደ ገበያ ሳይሆን ወደ ማኅበሩ ቤት የምትመጣበት ቀን ከመጣ ሥራው ተጀምሯል ማለት ነው። ለእርሷ ባዶ እጅ የማትመለስበትን ምክንያት መስጠት የእኛ ድርሻ ነው።